ጠላት ሳይነሣ ቀድሞ መምታት

ሊወጉኝ ነው ብሎ የሠጋ መንግሥት ቀድሞ ቢወጋ ይገባዋልን? ይህን ስትመረምሩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1807 ዓ.ም. በኮፐንሀገን የሆነውን አስቡ።

ናፖሌዎን ከሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ጋራ በቲልሲት በታረቀ ጊዜ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የዴንማርክ የጦር መርከቦች በፈረንሳዮች እጅ እንዳይወድቁ ሠጋ። ዴንማርክ ግን ከማንም ወገን አልነበረችም፤ እንዲያውም የሠራዊቷ አብዛኛው ክፍል የሰፈረው ፈረንሳዮችን ለመጠበቅ በደቡብ ጠረፏ ነበር። እንግሊዞች መርከቦቹን በመያዣነት አስረክቡን አሉ፤ ዴንማርክም እምቢ አለች። ስለዚህ ከሴፕቴምበር 2 ቀን ጀምሮ ከተማዪቱን በመድፍና በሚያቃጥል ሮኬት ደበደቧት። የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነደደ፤ ከሰላማዊውም ሕዝብ ብዙ ሰው አለቀ። መርከቦቹም ተማርከው ተወሰዱ።

ሥጋቱ ከንቱ ነበር ለማለት አይቻልም፤ ናፖሌዎን በእርግጥ ዴንማርክን በእንግሊዝ ላይ ሊያስነሣት አስቦ ነበርና። ይሁን እንጂ ቅጣቱ የወረደው ክፋቱን ባሰበው ላይ ሳይሆን ገና ምንም ባልሠራችው ላይ ነው። እርሷም ወዲያው በኦክቶበር ወር ከናፖሌዎን ጋራ ቃል ኪዳን ገባች፤ ትልልቅ መርከቦቿን ብታጣም በመቅዘፊያ በሚሄዱ ታናናሽ ጀልባዎች ላይ መድፍ እየጫነች እስከ 1814 ዓ.ም. ድረስ የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች ስትነጥቅ ኖረች።