ከጦር ሜዳ ወደ ዩኒቨርሲቲ፦ የተሰናባች ወታደሮች የትምህርት ዕድል

ከሠራዊት የተሰናበተ ወጣት ወደ ትውልድ ቀየው ሲመለስ የወገን አቀባበል፣ የእርሻ መሬት ጉዳይና ያቋረጠው ትምህርት ይጠብቁታል። አቀባበሉ በአንድ ቀን ይፈጸማል፤ የመሬቱ ጉዳይ በቀበሌና በወረዳ ይታያል። ትምህርቱ ግን ብዙ ጊዜ ባለቤት አጥቶ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ በአማኑኤል ከተማና በማቻክል ወረዳ ለሚኖሩ ተሰናባቾችና ቤተሰቦቻቸው የጉዳዩን ታሪክና ዛሬ ያሉትን መንገዶች ያስረዳል።

ክብር በቀንና በስም

ሀገራችን ለተዋጉላት ክብር የምትሰጥባቸው ቀናት አሏት። ሚያዝያ 27 የአርበኞች ድል መታሰቢያ ነው። ጥቅምት 15 ደግሞ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስቴርን ያቋቋሙበት ዕለት በመሆኑ የሠራዊት ቀን ሆኖ ይከበራል። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያም በጎጃሙ አርበኛ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ተሰይሟል። በላይ ራሱ ግን ድሉ በተገኘ በአራተኛው ዓመት፣ በ1937 ዓ.ም.፣ በስቅላት ተቀጥቷል። ክብር ከብዙ ዘመን በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ ለመማሪያ የሚሆን ዕድሜ ግን እንዲህ አይጠብቅም።

የ1983 ዓ.ም. ልምድ

በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር። በዚህም ብዙዎች ከትምህርት ገበታና ከሞፈር ተለይተዋል። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ ተላኩ፤ መንግሥት ሲወድቅም ከፊሎቹ ወደ ኬንያ ተሰደዱ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ። ከተሰናበተው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሠራዊት ውስጥ ወደ ገጠር ለተመለሰው ድጋፉ በአብዛኛው እህል፣ ዘር፣ ማዳበሪያና የእርሻ በሬ ነበር። በከተማ ለሰፈረው የሙያ ሥልጠና፣ ወደ ቀድሞ ሥራ መመለስና መደበኛ ትምህርት ታስቦለታል። በ1987 ዓ.ም. የተከፈተው ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ደግሞ የኢሕአዴግ ታጋዮችንና ከክልሎች የሚላኩ ሠራተኞችን አስተምሯል። የሕክምና ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ትግል የገቡት መለስ ዜናዊም በዚሁ ጊዜ ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው በ1995 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ ዲግሪ አግኝተዋል።

ከዚህ የምንረዳው የተቋረጠ ትምህርት ሊቀጠል እንደሚችል ነው። ነገር ግን የኮሌጁ በር በቀዳሚነት የተከፈተው ለአሸናፊው ወገን ነበር። የገጠሩ ተሰናባች በሬ አገኘ እንጂ ደብተር አላገኘም።

የሌላ ሀገር ምሳሌ

አሜሪካ በ1944 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች የትምህርት ክፍያ በዓመት እስከ 500 ዶላር፣ ለኑሮ ደግሞ ላላገባ በወር 50፣ ቤተሰብ ላለው 75 ዶላር ትሰጥ ነበር። 7.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በሕጉ ተምረዋል ወይም ሠልጥነዋል፤ 2.2 ሚሊዮን የሚሆኑት ኮሌጅ ገብተዋል። ጥቁር ወታደሮች ግን በዘር መድልዎ ምክንያት ከዕድሉ ብዙ ተነፍገዋል። የሕጉ ብርታት ከትምህርት ክፍያው ባሻገር ተማሪው የሚያስተዳድረውን ቤተሰብ ማሰቡ ነው።

ዛሬ ያሉ መንገዶች

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ሕይወት የመመለስ ኃላፊነት ተሰጥቶታል። ከመደበኛ ሠራዊት የተሰናበተ ሰው ደግሞ የሚከተሉትን ቢያውቅ ይጠቀማል።

ማስረጃ፦ የስንብት ደብዳቤና የትምህርት ማስረጃ ከሁሉ ይቀድማሉ። የጠፋ ማስረጃ መጨረሻ ከተማሩበት ትምህርት ቤት ይጠየቃል።

ፈተና፦ 12ኛ ክፍል ያልጨረሰ በማታ ትምህርት ይቀጥላል። የጨረሰ ግን ውጤት ያልመጣለት በግል ተፈታኝነት ድጋሚ መቀመጥ ይችላል።

ክፍያ፦ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ ሆኖ የተመደበ ሰው የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ይማራል፤ የሚከፍለውም ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ነው። በማታና በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የሚማር ግን ከኪሱ ይከፍላል። ለአካባቢያችን ቅርብ የሆነው በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ጉዳት፦ በጦርነት አካሉ የተጎዳ ተማሪ ጉዳቱን በሕክምና ማስረጃ አስደግፎ ምደባ ከመደረጉ በፊት ያሳውቅ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ተቋማት ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ያዝዛል።

መሬት፦ ለትምህርት የሚሄድ ባለይዞታ ማሳውን በእኩል ወይም በኪራይ ሲሰጥ ውሉን በጽሑፍ አድርጎ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ። በቃል የተሰጠ ማሳ ሲመለስ ክርክር ያስነሳል።

ከሁሉም የሚከብደው የኑሮ ጥያቄ ነው። ሚስትና ልጆች ያሉት የ30 ዓመት ሰው የዩኒቨርሲቲ መኝታና ምግብ ቢያገኝም ቤቱ ያለ አራሽና ያለ ገቢ ይቀራል። ዘመድና ጎረቤት በደቦ ቢያርሱለት፣ ዕድሩም ቢያግዘው ሸክሙ ይቀልለታል። ይሁንና አራት ዓመት የሚዘልቅ ትምህርት በደቦ ብቻ አይዘለቅም። የበዓል ቀን የሚያከብሩ ተቋማት በበጀታቸው ውስጥ ለተሰናባች ተማሪ ቤተሰብ መደጎሚያ ቢመድቡ፣ ጥቅምት 15 የሚነገረው ምስጋና ተሰናባቹ ቤት ይደርሳል።