የልጆች ባህላዊ መጫወቻ (ፓዌ)

ከጭቃ፣ ከአገዳ፣ ከጠጠርና ከእንጨት ልጆች ራሳቸው የሚሠሯቸው መጫወቻዎች። ፓዌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን የምትገኝ ወረዳ ስትሆን፣ ጉሙዞች በሚኖሩበት በዚህ ምድር ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ከወሎ፣ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከሌሎች ቦታዎች የመጡ ሰዎች ሰፍረዋል። ሰፋሪ ንብረቱን ጥሎ ሊመጣ ይችላል፤ ጨዋታውን ግን አይጥልም፤ ዕቃው የትም ይገኛልና።

ከሁሉም የገበጣን ያህል ሐሳብ የሚጠይቅ የለም። ገበታው ከእንጨት ይጠረባል፤ እንጨት ከሌለ መሬት ላይ በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ ጉድጓዶች ይማሳሉ። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሮቹን አፍሶ ወደሚቀጥሉት አንድ በአንድ እያደለ ይዞራል፤ መቁጠርና አስቀድሞ ማስላት የማይችል ይበላል። ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚታወቁ የገበጣ ዓይነቶችን ሰፊ ጥናት አድርጎ አሳትሟል።

ቅልብልቦሽ አምስት ጠጠር ይበቃዋል፦ አንዱን ወደ ላይ ወርውሮ ሳይወድቅ ሌላውን ከመሬት አንስቶ መቅለብ ነው። እረኞች ከጭቃ በሬና ላም ይሠራሉ፣ ከማሽላ አገዳ መነጽርና ጋሪ። ለገና ጫፉ የተቆለመመ ዱላና ከእንጨት የተጠረበ ሩር፣ ለነሐሴ 13ቱ ቡሄ ደግሞ ከልጥ ወይም ከቃጫ የተገመደ ጅራፍ ይዘጋጃል። ክልሉ በቆላ ቀርከሃ የታወቀ በመሆኑ ለአሻንጉሊት ሠሪ እጅ ጥሬ ዕቃ አይቸግርም።