የአራቱ ከንቲባዎች ቃል ኪዳን

ከቡዳፔስት በስተሰሜን፣ የዳኑብ ወንዝ ወደ ደቡብ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ቪሼግራድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1335 (እዚህ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሃንጋሪ፣ የፖላንድና የቦሄሚያ ነገሥታት እዚያ ተገናኝተው የዙፋንና የድንበር ጠባቸውን ተነጋገሩ። ከግንኙነቱ ከተገኙት ፍሬዎች አንዱ ነጋዴዎች ቪየናን ሳይረግጡ ሸቀጣቸውን የሚያጓጉዙበት መንገድ ነበር። በየካቲት 1991፣ ኮሚኒዝም በወደቀ ማግስት፣ የቼኮዝሎቫኪያው ፕሬዚዳንት ቫስላቭ ሃቬል፣ የፖላንዱ ፕሬዚዳንት ሌክ ዋሌሳና የሃንጋሪው ጠቅላይ ሚኒስትር ዮዜፍ አንታል በዚያችው ከተማ ተገናኝተው የአገሮቻቸውን ኅብረት ፈረሙ። ቼኮዝሎቫኪያ ለሁለት ስትከፈል ሦስቱ አገሮች አራት ሆኑ።

የነገሥታቱና የመሪዎቹ ስብሰባ በታሪክ መጻሕፍት ሰፊ ቦታ አግኝቷል። በ1991ዱ ስብሰባ ሰሞን የተጀመረው ሌላ ነገር ግን ብዙም አልተወራለትም፤ እሱም በሕዝብ የተመረጠ ማዘጋጃ ቤት ነው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ፕራግና ወደ ቡዳፔስት የተላኩ ኢትዮጵያውያን ያዩት የከተማ ምክር ቤት ከፓርቲው የወረደለትን የሚያስፈጽም ነበር። በ1990 ግን በፖላንድ፣ በሃንጋሪና በቼኮዝሎቫኪያ ነጻ የአካባቢ ምርጫ ተካሄደ። ከተሞቹ የራሳቸው በጀት፣ የራሳቸው ንብረትና ለነዋሪው የሚጠየቅ ሹም አገኙ። ዛሬ ከአራቱ ዋና ከተሞች የዋርሶ፣ የቡዳፔስትና የብራቲስላቫ ከንቲባዎች በቀጥታ በነዋሪው ይመረጣሉ፤ የፕራግን ከንቲባ የሚመርጠው የከተማው ምክር ቤት ነው።

ማዘጋጃ ቤቱና ቤተ መንግሥቱ በአንድ ወገን እጅ እስካሉ ድረስ ይህ ሥልጣን ብዙ አልተፈተነም። ትልቁ ፈተና የመጣው በ2018 እና በ2019 ነው። ዋርሶ ራፋው ትሻስኮፍስኪን፣ ፕራግ ዝዴኔክ ህርዢብ የተባለውን ሐኪም፣ ብራቲስላቫ ደግሞ ማቱሽ ቫሎ የተባለውን አርክቴክትና ሙዚቀኛ መረጡ። በጥቅምት 2019 የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ገርጌይ ካራቾኝ በቡዳፔስት አሸነፈ። አራቱም ከየአገራቸው ገዥ ፓርቲ ውጭ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ታኅሣሥ 16 ቀን 2019 አራቱ ቡዳፔስት ላይ ተገናኝተው የነጻ ከተሞች ቃል ኪዳንን ፈረሙ። ቦታው በዘፈቀደ አልተመረጠም። የተፈራረሙት በማዕከላዊ አውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ተቋሙ በ2017 በወጣ ሕግ ምክንያት ትምህርቱን ወደ ቪየና ለማዛወር ተገዶ ነበር። ሰነዱ ስለ ነጻነት፣ ስለ ሰብዓዊ ክብርና ስለ ሕግ የበላይነት ይናገራል፤ ከዚያ ወደ አየር ንብረት ለውጥ፣ ወደ መኖሪያ ቤት እጥረትና ወደ ኑሮ ልዩነት ይሻገራል።

ፊርማው ላይ ብዙ ንግግር ተደርጓል። ዋናው ጉዳይ ግን ገንዘብ ነበር፤ ሊሆንም ይገባ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ለልማት የሚመድበው ገንዘብ በአብዛኛው የሚያልፈው በብሔራዊ መንግሥታት እጅ ነው። መንግሥት ያኮረፈው ከንቲባ ለትራሙ፣ ለአሮጌ ሕንጻዎች ማሞቂያ፣ ለአውቶቡሱ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከማን ይጠይቅ? አራቱ ከንቲባዎች በ2020 መጀመሪያ ብራስልስ ድረስ ሄደው ገንዘቡ በቀጥታ ለከተሞች እንዲደርስ ጠየቁ። ብዙ ሳይቆይ ኮሮና ገባና ስጋታቸው እውነት መሆኑ ታየ። የሃንጋሪ መንግሥት ለወረርሽኙ መከላከያ በሚል የተሽከርካሪ ግብርን ከማዘጋጃ ቤቶች ወሰደ፤ ቀጥሎም አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ለከተማ የሚከፍሉትን የንግድ ግብር በግማሽ ቀነሰ። ለቡዳፔስት ይህ ግብር የገቢዋ ምሰሶ ነው። አውሮፓ ከወረርሽኙ እንድታገግም 750 ቢሊዮን ዩሮ ሲመደብም የገንዘቡ ቁልፍ በመንግሥታቱ እጅ ቀረ። ከከንቲባዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነበር፤ ከሁሉም ያነሰ መልስ ያገኘውም እሱ ነው።

ገንዘብ የሌለው ከንቲባ የመንገድ ስም የማውጣት ሥልጣን ግን አለው። ፕራግ በየካቲት 2020 ከሩሲያ ኤምባሲ ፊት ለፊት ያለውን አደባባይ በተገደለው ሩሲያዊ ተቃዋሚ በቦሪስ ኔምትሶቭ ስም ሰየመችው። ኤምባሲው በአዲሱ ስም ላለመጠራት የሌላ ጎዳና አድራሻ መጠቀም ጀመረ። በሰኔ 2021 ደግሞ የቻይናው ፉዳን ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ሊገነባበት በታሰበው የቡዳፔስት ሰፈር ያሉ ጎዳናዎች የነጻ ሆንግ ኮንግ፣ የዳላይ ላማ፣ የኡይጉር ሰማዕታት እየተባሉ ተሰየሙ። ሺዎች አደባባይ ወጡ፤ መንግሥትም ጉዳዩ ለሕዝበ ውሳኔ እንደሚቀርብ ተናገረ።

በዚያው ዓመት መስከረም ቡዳፔስት ላይ በተደረገ ጉባኤ ከ20 በላይ ከተሞች ቃል ኪዳኑን ተቀላቀሉ፤ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ባርሴሎናና ሎስ አንጀለስ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ዝርዝሩ ሲረዝም ግን የመጀመሪያው ጥብቅ ትስስር ላላ። አራቱን ያስተሳሰራቸው አንድ ዓይነት ችግር ነበር። ፓሪስ ወይም ሎስ አንጀለስ ያኔ ያ ችግር አልነበረባቸውም።

ሩሲያ በየካቲት 2022 ዩክሬንን ስትወር ደግሞ ዋርሶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 300,000 ገደማ ስደተኞችን ተቀበለች። 1.8 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ላላት ከተማ ይህ እጅግ ከባድ ሸክም ነው። አልጋ፣ የትምህርት ቤት ወንበርና ሐኪም የማዘጋጀቱ ሥራ በከተማው ሠራተኞችና በበጎ ፈቃደኞች ላይ ወደቀ። ከተሞች በቀጥታ ይረዱ የሚለው የድሮ ጥያቄ ያኔ የዋርሶ አስቸኳይ ጉዳይ ሆነ።

ሹመት ያልፋል። ህርዢብ በ2023 መጀመሪያ ሥልጣኑን አስረከበ። ትሻስኮፍስኪ ለፕሬዚዳንትነት ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ ሁለቱንም ጊዜ በጠባብ ልዩነት ተሸነፈ፤ ከንቲባነቱን ግን አላጣም። ካራቾኝ በ2024 የተመረጠው ከ300 ባነሰ የድምፅ ብልጫ ነበር።

የቃል ኪዳኑ መንፈስ ምን ያህል እንደሚያስኬድ የታየው ግን ብዙ ከተሞች በተሰበሰቡበት መድረክ አልነበረም። በ2025 መጀመሪያ የሃንጋሪ መንግሥት ራኮሽሬንዴዘ የሚባለውን ሰፊ የድሮ የባቡር ግቢ ለኤምሬትሱ ኢግል ሂልስ ሸጠ፤ ኩባንያው በአዲስ አበባ ለገሃር አካባቢ ካለው ግንባታ ጋር ስሙ የሚነሳው ያው ነው። ዕቅዱ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻዎችን የያዘ ነበር። ቡዳፔስት ግን በከተማው ድርጅት በኩል ከሌላ ገዥ የመቅደም ሕጋዊ መብት ነበራት። ከተማዋ ያንን መብት ተጠቅማ በዚያው ዋጋ፣ በ50.9 ቢሊዮን ፎሪንት፣ መሬቱን ለራሷ ገዛች፤ የመጀመሪያውንም ክፍያ ከፈለች። ለቦታው ያሰበችው ፓርክና ነዋሪው በአቅሙ የሚከራየው ቤት ነው።