«አንቀጽ 3ስ፣ ቲቸር?»

የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ውጫሌ ውል ሳስረዳ ቆይቼ የአንቀጽ 17ን ጉዳይ እንደ ጨረስሁ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ። «አያቴ የሐላይ ሰው ናቸው፤ አገራችን ለጣልያን የተሰጠችው በዚሁ ውል ነው ይላሉ። አንቀጽ 3ስ፣ ቲቸር?» አለኝ።

ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ገና ጥቂት ዓመታት ነበሩ። ከሰማንያ የማያንሱት ተማሪዎች ዞረው ልጁን አዩት። እኔ ግን ወደ ሰሌዳው ዞሬ፣ «ለፈተና የሚመጣው አንቀጽ 17 ነው፤ እርሱን ያዙ» ብዬ አለፍሁ። ልጁ ተቀመጠ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ከሃያ ዓመት በኋላ የማነሣው ለኑዛዜ ብቻ አይደለም። በአገራችን ስለ ታሪክ ትምህርት የምናደርገው ክርክር ሁሉ ያን ልጅ የዘነጋ ስለሚመስለኝ ነው።

መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የታሪክ መጽሐፍም ይለወጣል። በንጉሡ ዘመን የተክለ ጻድቅ መኩሪያ መጻሕፍት በየትምህርት ቤቱ ይነበቡ ነበር፤ የትረካቸውም አውራ ንጉሥና ዙፋን ነበር። ደርግ ሲመጣ ያንኑ ታሪክ በመደብ ትግል መነጽር እንድናየው ተደረገ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ፣ በተለይም የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ፣ መነጽሩ የብሔር ብሔረሰብ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪዎች የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ረቂቅ ብርቱ ውዝግብ አስነሣ። የሁለተኛ ደረጃው ሥርዓተ ትምህርትም እንደገና ተከለሰ። በእነዚህ ሁሉ ለውጦች መካከል ሳይለወጥ የቆየ አንድ ነገር አለ፦ መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ይጽፋል፣ ፈተናው ፊደል ያስመርጣል። መደምደሚያው ይቀያየራል እንጂ መደምደሚያው ከየት እንደ ተገኘ ተማሪው አይነገረውም። ስለዚህም ነው በአንዱ መንግሥት የተሸመደደው ታሪክ በሚቀጥለው መንግሥት በቀላሉ የሚፋቀው።

ነገሩን በዚያው በውጫሌ ውል ላሳይ። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። ተማሪዎቻችን «አማርኛው ይቻላል ይላል፣ ጣልያንኛው ግዴታ ነው ይላል» ብለው ይሸመድዳሉ፤ እኔም እንዲሁ ተምሬ እንዲሁ አስተማርሁ። የጣልያንኛውን ጽሑፍ በዓይኔ ያየሁት የዶክትሬት ትምህርቴን ስጀምር ነው። በዚያ ያለው ግስ «ኮንሴንቴ» የሚል ሲሆን፣ ፍቺው «ይስማማል፣ ይፈቅዳል» እንጂ በቀጥታ «ይገደዳል» አይደለም። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው በኢጣልያ በኩል ለመላላክ «ተስማምተዋል» ይላል። የሮማ መንግሥት በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ለአውሮፓ ኃያላን ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ገብታለች ብሎ ያስታወቀው በዚህች አንዲት ግስ ተመርኩዞ ነው። ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ በጻፉ ጊዜ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ በኢጣልያ በኩል ይላኩ የሚል ሆነ፤ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ በጻፉት ደብዳቤ ሁለቱ ቅጂዎች እንደማይገጥሙ አስታወቁ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ላይ ስቬን ሩቤንሰንና ካርሎ ጂሊዮ በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በጽሑፍ ተሟግተዋል።

እንግዲህ ለአንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከወዴት ይገኛል? ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። እኛ ግን ይህን የሁለት ቋንቋዎች ጉዳይ የምናስተምረው ሁለቱም በሌሉበት፣ በእንግሊዝኛ ነው። የአማርኛውን አንቀጽ በሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪውን፣ ትግርኛ ተናጋሪውን፣ ሲዳምኛ ተናጋሪውን «ይቻላቸዋል» የሚለውን በየአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ መልሱት ብንላቸው፣ አንድ ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጎድል በገዛ አንደበታቸው ይደርሱበት ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው «ሰነዱ እንዲህ ይላል» ቢላቸው፣ «የትኛው ቅጂ?» ብለው ይጠይቃሉ።

አንቀጽ 3ስ? ያ አንቀጽ የድንበሩን መስመር ሲወስን ሐላይን፣ ሰገነይቲንና አስመራን በኢጣልያ በኩል ያስቀራል። የልጁ አያት ያሉት ከሰነዱ ጋር ይገጥማል። ለዚያ ልጅ ልነግረው ይገባኝ የነበረው ይህን ነው፤ ቀጥዬም ሌሎቹን ማስረጃዎች በፊቱ መዘርዘር ነበረብኝ። ኢጣልያ ምጽዋን የያዘችው በ1877 ዓ.ም. ነው። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት ውሉ ከመፈረሙ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። ያን ጊዜ ምኒልክ ሰሜኑን ገና በእጃቸው አላስገቡም፤ አገሩንም ክፉ ቀን የሚባለው ረኃብ ይዞት ነበር። በሌላ በኩል፣ በዚያው ክረምት የኢጣልያ ጦር አስመራ ገባ፤ በታኅሣሥ 1882 ዓ.ም. ኤርትራ የምትባል ቅኝ ግዛት ታወጀች። ከዓድዋ ድል በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የተፈረመው የአዲስ አበባ ውል የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ነፃነት ሲያረጋግጥ የድንበሩን ጉዳይ ለሌላ ጊዜ አቆየው፤ በ1892 ዓ.ም. በተደረገው ውልም ድንበሩ መረብ፣ በለሳና ሙና ሆነ። ምኒልክ በእጃቸው ያልነበረውን ሰጡ ወይስ ሊከላከሉት የሚገባቸውን ለቀቁ? ለዚህ የምርጫ ፊደል የለውም። ተማሪው ማስረጃዎቹን መዝኖ፣ «እኔ እንዲህ ይመስለኛል፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ብሎ አንድ ገጽ ይጽፋል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሌላ ይጽፋል። ሁለቱም ግን አንድ ሰነድ አንብበዋል።

ሁለት ተቃውሞዎችን ደጋግሜ እሰማለሁ። የመጀመሪያው «ሰማንያ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ መጽሐፍ ለሦስት ለአራት በሚታደልበት አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። የመምህሩን ድካም አውቃለሁ፤ ኖሬበታለሁ። ዳሩ ግን የምጠይቀው በየወሰነ ትምህርቱ አንዲት ሰነድ፣ በአገር አቀፉም ፈተና ላይ አንዲት የጽሑፍ ጥያቄ ነው። ጥያቄዋ በፈተናው ከገባች መምህሩም ተማሪውም ይከተሏታል፤ በፈተና የማይመጣ ነገር በክፍላችን ውስጥ ቦታ እንደሌለው እኔ ራሴ ምስክር ነኝ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ «ቁስል በመነካካት ልጆቹን እርስ በርስ ታጣላቸዋለህ» ይሉኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያ ልጅ አንቀጽ 3ን የሰማው ከእኔ አልነበረም፤ ከአያቱ ነው። የዛሬውም ተማሪ ስለ አያቶቹ በደልና ጀግንነት በቤቱ ይሰማል፣ በስልኩም ያያል። በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተነሡት ግጭቶች የተማሪዎች ሕይወት ሲጠፋ እኔም በመምህርነት ላይ ነበርሁ። ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ ስለ አንድ ዘመን ሁለት የማይገጥሙ ታሪኮችን ይዘው የመጡ ነበሩ፤ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መመርመርን ግን ያስተማራቸው አልነበረም። ዝም ባልን ቁጥር የምናስወጣው ጥያቄውን ከክፍል ብቻ ነው፤ ጥያቄው ግን ሰነድ የሚያሳየው መምህር በሌለበት ቦታ መኖሩን ይቀጥላል።

ስለዚህ «የትኛው ታሪክ ይጻፍ?» ከሚለው ክርክር አስቀድሞ «ተማሪው በምን ይመዝነው?» የሚለው ቢመለስ ይበጃል እላለሁ። መመዘኛው ያለው ተማሪ በተሳሳተ መጽሐፍ እንኳ ሊማር ይችላል፤ መመዘኛ የሌለው ግን እንከን የለሽ የተባለውንም መጽሐፍ ከፈተናው ማግስት ይረሳዋል።

ያ ልጅ ዛሬ ወደ አርባ ዓመት የተጠጋ ሰው ነው። ምናልባት ለልጁ ስለ ሐላይ እየነገረው ይሆናል። ያን ዕለት መልስ የነፈግሁት ሳላውቅ አልነበረም፤ አንቀጹን አንብቤዋለሁ፤ ፈርቼ ነው። ይቅርታ የምጠይቀው ዘግይቼ ቢሆንም፣ ዛሬ በየክፍሉ ያሉት መምህራን እጁን ያወጣውን ልጅ ፊት ለፊት እንዲያዩት አደራ እላለሁ።

ቸር ይግጠመን።