ገደኛውን የሚያሰማምረው ማን ነው?

በብዙ አገር የተማሪዎች ቡድን ወደ ሜዳ ሲወጣ፣ አንድ እንስሳ ወይም የእንስሳ ልብስ የለበሰ ሰው አስቀድሞ ብቅ ብሎ ተመልካቹን ያስጨበጭባል። ፈረንጆች ይህን ማስኮት ይሉታል፤ እኛ ገደኛ ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። ቃሉ በሰፊው የታወቀው በ1880 እ.ኤ.አ. በፓሪስ በታየ አንድ የሙዚቃ ቴአትር ነው፤ ታሪኩም ለምታድርበት ቤት ሁሉ መልካም ዕድል ስለምታስገባ የገጠር ልጅ ነበር።

በ1889 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድሩ ግሬቭስ የተባለ ወጣት፣ ከአንድ ብረት ቀጥቃጭ ቡልዶግ ውሻ ገዝቶ አጠበው፤ አሰማምሮም መልከ መልካሙ ዳን አለው። ከጨዋታ በፊት ውሻው ሜዳውን እየተመራ ያቋርጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ራሱ ገደኛ ሆነ። በ1965 እ.ኤ.አ. የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከወረቀትና ከሙጫ ትልቅ የዛፍ ፍሬ ቅርፅ ሠርተው ብሩተስ ብለው ሰየሙት። እንዲህ ያለውን ልብስ የለበሰ ሰው በሙቀት ይጨነቃል፤ ወደ ጎን አጥርቶ አያይም፤ እንዲናገርም ስለማይፈቀድለት ሐሳቡን በእጁና በእግሩ ይገልጻል። ስለዚህ መንገድ የሚመራው፣ ውሃ የሚያቀብለውና በየጊዜው የሚያሳርፈው ጓደኛ ያስፈልገዋል።

ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን አባቶቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው ተብለዋል። በዚሁ በሊሙ ከ1825 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. የነገሡት ንጉሥ የሚታወቁት አባ ቦጊቦ በሚለው የፈረስ ስማቸው ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ስሙን ያገኘው ከልዑል ራስ መኰንን ፈረስ ነው። በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ የወሰደው ጅማ አባ ጅፋርም የሚጠራው በጅማ ንጉሥ የፈረስ ስም ነው። እንግዲህ ደጋፊው «አባ ጅፋር!» ብሎ ሲጮህ ሳያውቀው ፈረስንም ያወድሳል ማለት ነው።

ፈረሱ ግን በራሱ አልደመቀም። ገብስ የሚሰጠው፣ ወንዝ አውርዶ የሚያጥበው፣ ኮርቻና ግላስ የሚጭንለት ሰው ነበረው። በቤተ መንግሥት የፈረሶቹ አለቃ ባልደራስ ተብሎ ይከበር ነበር፤ ከእርሱ በታች ሌሊት የሚነሡት ግን ስማቸው እምብዛም አልተጻፈም።

እኔም ባለፈው የክፍሎች ውድድር ከካርቶን የተሠራ የአንበሳ ራስ አጥልቄ ዘልያለሁ። ጭብጨባው ሁሉ ለእኔ ሆነ። ያንን ራስ ሦስት ሌሊት ሲያጣብቅ ያደረው፣ ሜዳም ላይ እንዳልደናቀፍ እጄን ይዞ የመራኝ ጓደኛዬ በፎቶግራፉ ውስጥ የለም። ፎቶግራፍ አንሺው «አንተ ዘወር በል» ሲለው ሰማሁ፤ በካርቶኑ ውስጥ ሆኜ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ባለዋንጫዎችን ስናመሰግን፣ መስመሩን በኖራ ያሰመረውን፣ ማልያውን ያጠበችውንና ውሃ ያመላለሰውንም በስማቸው እንጥራ። የሚቀጥለው ፎቶግራፍ ሲነሣም «ና፣ አጠገቤ ቁም» ለማለት እኔ ቃል ገብቻለሁ።