ላልቶና ጠብቆ፦ ፊደል ያልያዘው ልዩነት



«ላላ» በዕለት ንግግራችን አብዛኛውን ጊዜ የወቀሳ ቃል ነው። የከበሮው ጠፍር ላላ እንላለን፤ ሕጉ ላላ፣ ቁጥጥሩ ላላ፣ ሃይማኖቱ ላላ እንላለን። በንባብ ቤት ግን ቃሉ ነውር የለበትም፤ መላላት የመጥበቅ እኩያ ነው። የዛሬው ንግግሬም ስለዚህኛው መላላት ነው።

«ይመታል» ብላችሁ ጻፉ። «መ» እና «ታ» ላልተው ከተነበቡ ሰውየው መቺ ነው፤ ጠብቀው ከተነበቡ ተመቺ ነው። «ይሰማል» እና «ይበላል» እንዲሁ ናቸው። ፊደሉ አንድ ሆኖ ሳለ በዳይና ተበዳይ የሚለዩት በአንባቢው አፍ ነው። በግእዝም «ቀተለ» እና «ቀደሰ» ለዓይን የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ፤ የፊተኛው መካከል ይላላል፣ የኋለኛው ይጠብቃል፤ እርባታቸውም በዚሁ ይለያያል። እንግሊዝኛ እንኳ «ሉስ» (ልል) የሚለውን «ሉዝ» (ማጣት) ከሚለው በአንድ ትርፍ ፊደል ለይቶ ሳለ ጸሐፊዎቹ ሁለቱን ማምታታት አልተዉም።

ጋይንት የቤተልሔም ድጓና የዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት መገኛ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው የድጓውን ምልክቶች በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሯቸው። ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ርክርክና ሌሎቹም ከንባቡ በላይ በጥቃቅኑ ተጽፈው የዜማውን አካሄድ ያመለክታሉ። እንግዲህ ዜማን ያህል ረቂቅ ነገር በምልክት ከተያዘ፣ ማላላትና ማጥበቅ ለምን ያለ ምልክት ቀሩ?

ቸልተኝነት ነው የሚለውን መልስ አልቀበልም። ተማሪው ድጓ ከመድረሱ በፊት በንባብ ቤት ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ፣ ሲስት እየታረመ ያልፋል። ምልክቱ መምህሩ ነበር። ችግሩ የመጣው መጽሐፍ በማተሚያ ተባዝቶ አንባቢው ከመምህሩ ሲርቅ ነው። ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጡት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አደረጉ፤ የተከተላቸው ግን ጥቂት ነው። ዩኒኮድም በ2005 እ.ኤ.አ. ለማጥበቂያ ምልክት ቦታ ሰጥቷል፤ ዛሬ በጋዜጣም ሆነ በመማሪያ መጽሐፍ ብዙም አይታይም።

ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በርካታ ብራናዎቻችን በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ለምርምር የዋለው ጥቅም የሚካድ አይደለም። በእነዚያ ፊልሞች ላይ የድጓው ጭረትና ርክርክ ይታያል። «ቀተለ» ላልቶ፣ «ቀደሰ» ጠብቆ መነበቡ ግን አይታይም፤ እርሱን የሚያውቁት ዛሬም በጋይንት ጉባኤ ቤቶች ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩት መምህራን ናቸው።