የተሳቢ መወዛወዝ፡ መንስኤው፣ መከላከያውና በመንገድ ላይ የሚወሰድ እርምጃ

ተሳቢ ከሚጎትተው ተሽከርካሪ ጋር የሚገናኘው በአንድ ማያያዣ ብቻ በመሆኑ፣ የኋላ ክፍሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የመወናጨፍ ባሕርይ አለው። በዝቅተኛ ፍጥነት የተነሣ መወዛወዝ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ በራሱ ይከስማል። ፍጥነቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ግን እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከቀዳሚው እየሰፋ ሄዶ ጎታቹን ጭምር ሊገለብጥ ይችላል። ይህ መጠን ለሁሉም ተሳቢ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአብዛኛው የሚወስነው የጭነቱ አደራደር ነው።

በፒክአፕ የሚጎተቱ ባለ አንድ አክስል ተሳቢዎች፣ ለምሳሌ ጄነሬተር ወይም የውኃ ታንከር የተጫነባቸው፣ ከአጠቃላይ ክብደታቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በማያያዣው ላይ ሊያርፍ ይገባል። ክብደቱ 1,000 ኪሎ ግራም ለሆነ ተሳቢ ይህ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ግራም ነው። የፊትና የኋላ አክስል ባላቸው ትላልቅ ተሳቢዎች ደግሞ ክብደቱ በሁለቱም ላይ ተመጣጥኖ፣ ከባዱ ዕቃ ከሥር እንዲሆን ተደርጎ ይጫናል። ለማራገፍ እንዲቀል በሚል ከባዱን ዕቃ በስተኋላ ጫፍ መጫን የተለመደ ቢሆንም፣ ጥቂት ደቂቃ ለመቆጠብ ሲባል ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጥ አሠራር ነው።

ከጉዞ በፊት የማያያዣው ፒን አለመበላቱ፣ የደኅንነት ሰንሰለቱ መታሰሩ፣ የግራና የቀኝ ጎማዎች ንፋስ እኩል መሆኑ፣ እንዲሁም የተሳቢው ፍሬን በሁሉም ጎማዎች ላይ በእኩል መያዙ ይረጋገጣል። ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ይህን የዕለት ፍተሻ አይተካም።

ባዶ ተሳቢም ከአደጋ ነፃ አይደለም። ዕቃ ለማምጣት ወደ ጅቡቲ ባዶአቸውን የሚወርዱ መኪናዎች በአፋር ሜዳማ መንገድ ላይ በፍጥነት ሲጓዙ፣ የጎን ነፋስና ከፊት የሚመጣ ከባድ መኪና የሚፈጥረው ግፊት ቀላሉን ተሳቢ በቀላሉ ያናውጠዋል።

ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ጎታቹን ከኋላ ይገፋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ረጅም መንገድም ሆነ፣ በአዲስ አበባ ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚያወርደው አጭር ቁልቁለት፣ ዝቅተኛ ማርሽ መግባት ያለበት መውረድ ከመጀመሩ በፊት ነው። የከተማው ቁልቁለት አጭር ነው ተብሎ መናቅ የለበትም፤ እግረኛው ብዙ ነው።

መወዛወዝ ከጀመረ አሽከርካሪው መሪውን ቀጥ አድርጎ አጥብቆ ይይዛል፣ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሣል፣ ፍጥነቱም ቀስ በቀስ እንዲወርድ ያደርጋል። ለብቻው የሚሠራ የተሳቢ ፍሬን ካለ እርሱን በዝግታ መያዝ ተሳቢውን ወደ ኋላ ስቦ ያቃናዋል። የጎታቹን ፍሬን በድንገት መርገጥ ግን ተሳቢው ወደ ፊት ገፍቶ ከጎታቹ ጋር እንዲታጠፍ ያደርጋል። መሪን ከውዝዋዜው በተቃራኒ መጠምዘዝ ዘግይቶ ስለሚደርስ ውዝዋዜውን ያባብሰዋል፤ ነዳጅ ጨምሮ ተሳቢውን ለማቃናት መሞከርም በተለይ በቁልቁለት እጅግ አደገኛ ነው።

ተሽከርካሪው ከተረጋጋ በኋላ ከመንገድ ወጥቶ ይቆማል፤ የማስጠንቀቂያ ምልክትም ይደረጋል። ጭነቱ፣ ማያያዣውና ጎማው ታይተው መንስኤው ሳይስተካከል ጉዞው አይቀጥልም።

ተሳቢ ለመጎተት የሚያበቃውን የመንጃ ፈቃድ ምድብ በተመለከተ በአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ፈቃዱን የሰጠውን አካል መጠየቅ ይቻላል።